ስለ «ጉዱ» ስምና ስለ ዝምተኛው ተማሪ፦ በአፍላ ዕድሜ ድባቴ ላይ የቀረበ ሂስ

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ ተብሎለታል። የቋንቋው ውበት ተደንቋል፤ የድሮውን የጌታና የሎሌ ሥርዓት ማጋለጡ ተመስግኗል፤ የአማርኛ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ያስነብቡታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ላይ ሌላ ምስጋና ለመጨመር አይደለም። መጽሐፉን በክፍል ውስጥ ስናስተምር ዘለን የምናልፈው አንድ ጥያቄ አለ። ያ ጥያቄ ዛሬ በሰሜን ጎንደር ቆላና ደጋ፣ በተለይም በአዲ አርቃይና በአካባቢው በሚማሩ ልጆች ላይ ከሚታየው ችግር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው ብለን ስለምናምን ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ልናቀርበው ወደድን።

በመጽሐፉ ውስጥ ካሣ የሚባለው ሰው የታወቀው ወላጆቹ ባወጡለት ስም ሳይሆን አካባቢው በለጠፈበት ቅጽል ነው። ሌላው የሚያከብረውን አያከብርም፤ ሌላው አሜን ብሎ የሚቀበለውን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ «ጉዱ» ተባለ። ቅጽሉ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ የሚናገረውን መመርመር አላስፈለገም። የተናገረው «ጉዱ» ስለሆነ ንግግሩ የእብድ ንግግር ሆኖ ቀረ። ደራሲው ይህን ያሳዩበት ብልኃት ከፍ ያለ ነው። ስድብ እንዴት ክርክርን እንደሚተካና ቅጽል እንዴት የሰውን ቃል ዋጋ እንደሚያሳጣ በአማርኛ ልቦለድ ከዚህ በተሻለ የተገለጸበት ቦታ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። መምህሩ «ካሣ እብድ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹም «አይደለም፤ ከዘመኑ የቀደመ አስተዋይ ሰው ነው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ሙሉ ነጥብም ያሰጣል። ግን ትምህርቱ እዚህ ላይ ሲቆም ምን አስተምረን ወጣን? ካሣን ያዳንነው እብድ አለመሆኑን በማስረዳት ብቻ ነው። እብድ ቢሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜ የደብሩ ሰዎች በእርሱ ላይ መሳቃቸው ተገቢ ሊሆን ነው ማለት ነው? ጤነኛውን በሐሰት ከተለጠፈበት ስም ስናላቅቅ ስሙን ራሱን እንዳለ እንተወዋለን፤ ይልቁንም እናጠናክረዋለን። በዚያው ክፍል ውስጥ ወንድሟ ወይም እናቷ በእውነት አእምሮዋን የታመመች ልጅ ብትኖር ከዚህ ትምህርት የምታገኘው፣ ክብር የሚገባው በስሕተት እብድ የተባለ ሰው ብቻ መሆኑን ነው።

ይህ ጉድለት የመጽሐፉ ነው ለማለት አይቻልም። ሐዲስ የጻፉት ስለ ሕመም ሳይሆን ስለ ሥርዓት ነው። ጉድለቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጫጫታ የሌለው፣ ማንም ቅጽል ያላወጣለት መከራ የሚሸከሙ ሌሎች ሰዎች አሉ። በዛብህ በሕፃንነቱ ታሞ በነበረ ጊዜ ወላጆቹ በተሳሉት ስእለት ታስሮ ያደገ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ ዘሯን የሚመጥን ባል ጠፋ እየተባለ ዕድሜዋ በአባቷ ግቢ ውስጥ ያለፈ ልጅ ናት። ሁለቱም የታነጹ፣ ትሑታን፣ ለወላጅ ታዛዦች ናቸው። በውስጣቸው ያለውን ከእነርሱና ከአንባቢው በቀር የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። እነዚህን ባለ ታሪኮች በሐኪም መነጽር እያየን የበሽታ ስም እንስጣቸው ማለታችን እንዳልሆነ ግን አንባቢ ይረዳልን፤ ልቦለድን የሐኪም ቤት ካርድ ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም። ለማለት የፈለግነው ግቢውን የሞላው ድምፅ የካሣ ሲሆን ቀስ በቀስ የሚያልቁት ዝምተኞቹ መሆናቸውን ነው። በክፍላችንም ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይለይም።

አማርኛችን ለእብደት ያወጣቸውን ቃላት ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። ጨርቁን ጣለ፣ ለየለት፣ ወፈፍ አደረገው፣ ነካ ያደርገዋል እንላለን። ሁሉም የሚታይና የሚሰማ ነገር ናቸው። የሚጮኽ፣ የሚሳደብ፣ ልብሱን የሚጥል፣ በመንገድ ብቻውን የሚያወራ ሰው ይታየናል። ዝም ላለው ያለን ቃል ግን ሌላ ነው፤ ጨዋ፣ ጭምት፣ ዓይን አፋር፣ አንገቱን የደፋ እንለዋለን። እነዚህ የምስጋና ቃላት ናቸው። እርግጥ ሕዝባችን ዝምታን ሁልጊዜ አላመነውም፤ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» የሚል ተረትም አለው። ነገር ግን ተረቱ በዝምተኛው ላይ የሚጠረጥረው ተንኮልን እንጂ ሕመምን አይደለም።

ይህ የቋንቋ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት እንጥቀስ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ዙሪያ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ የአካባቢያቸውን ሁኔታ ያውቃሉ የተባሉ 100 ሰዎች ስለ ልዩ ልዩ የአእምሮ ሕመሞች ምን እንደሚያስቡ የጠየቀ ነበር። የአእምሮ ሕመም ምልክት ተብለው ከሁሉ በላይ የተጠቀሱት ብዙ መናገር፣ ጠበኛነትና እንግዳ የሆነ ጠባይ ናቸው። ከቀረቡላቸው ሕመሞች መካከል በአካባቢያችን እምብዛም አይገኝም ያሉት ደግሞ ከባዱን የድባቴ ሕመም ነው። እርግጥ ቡታጅራ ሰሜን ጎንደር አይደለችም። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ በዛሪማ በኩል አዲ አርቃይ የሚገባ መምህር ግን ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቹ ወላጆች ቢያቀርብ ከዚህ የራቀ መልስ ያገኛል ብለን አንገምትም።

ድባቴ የምንለው ምን እንደሆነ ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ሰው በሚያሳዝን ነገር ማዘኑ ሕመም አይደለም። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የመንፈስ መጨለሙ ወይም ቀድሞ ደስ ይለው ከነበረ ነገር ሁሉ ልቡ መራቁ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ሲቆይ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍ ሲዛባ፣ ምግብ ሲያስጠላ ወይም ከልክ ሲያልፍ፣ ሐሳብን መሰብሰብ ሲያቅት፣ ሰውነት ሲዝል፣ ራስን መናቅና ሞትን መመኘት ሲከተል ነው። በአፍላ ዕድሜ ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ሐዘኑ በእንባ ፈንታ በብስጭትና በቁጣ ሊገለጥ ይችላል። ይህን ጊዜ ለወንዱ ልጅ «ጥጋብ ነው»፣ ለሴቷ «ቅብጠት ነው» የሚል ፍርድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከሰባቱ አንዱ በአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንደሚነካ ይገምታል፤ ድባቴም ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ይህን ስሌት 60 ተማሪ ለተቀመጠበት ክፍል ማዋል የመምህሩ ፈንታ ነው።

አዲ አርቃይን ለይተን የምንጠቅስበት ምክንያት አለን። የመጀመሪያው ጦርነቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው አዲ አርቃይ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ደባርቅ ተሰደደ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በዚያ ክረምት የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆነው በእናታቸው ጀርባና በአህያ ጭነት መካከል ሊማሊሞን የወጡት ሕፃናት ዛሬ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ናቸው። አሁን በክፍላችን ያሉት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሐዘን ሥርዓታችን ጋር የተያያዘ ነው። አገራችን ለሐዘን የቀን መቁጠሪያ ሠርታለታለች። ለቅሶ አለ፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው መቼ እንደሚያለቅስ፣ መቼ ጠጉሩን እንደሚላጭ፣ መቼ ከል እንደሚያወልቅ ያውቃል፤ ጎረቤቱም መቼ እንጀራ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ይህ ሥርዓት ብዙ ሰው ከመሰበር ያዳነ ታላቅ ጥበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ሬሳው ላልተገኘ፣ መሞቱም መኖሩም ላልታወቀ አባት አርባ አይወጣም። ልጁ የሚቆጥረው ቀን የለውም። ከዓመት በኋላ ፊቱ ቢጠቁር «አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» ይባላል።

ሦስተኛውን ምክንያት በጥንቃቄ እንናገራለን። ወረዳው ከዋልድባ ገዳም ጋር ይጎራበታል። እህል በማይቀመስበት፣ ሰው ዓለምን ትቶ በዝምታና በጾም በሚኖርበት በዚያ ገዳም አጠገብ ያደገ ሕዝብ፣ ከሰው መራቅንና ከምግብ መከልከልን የሚያይበት የራሱ ዓይን አለው። ወደ ብቸኝነት ያዘነበለ ጎረምሳ በቤተሰቡ ዘንድ «ልቡ ወደ ምናኔ ነው» ቢባል የሚያስገርም አይደለም፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳው ግን ልጁን መጠየቅ ነው። መናኝ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ድባቴ የያዘው ልጅ የሚሄድበት የለውም።

ይህ ጸሐፊ በሰሜን ጎንደር ቆላ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሲያስተምር የደረሰበትን ለመናገር ይገደዳል። በኃላፊነት በያዘው ክፍል አንድ ልጅ ነበረ። አይረብሽም፣ አያረፍድም፣ ሳይጠሩት አይናገርም። ለሁለት ተከታታይ ጊዜ በውጤት ካርዱ ላይ በጠባይ ረድፍ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጻፈለት፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያው ጊዜ የሒሳብ ነጥቡ ከ70ዎቹ ወደ 30ዎቹ መውረዱን አይቼ «ይጣር» ብዬ አስተያየት ጨመርኩ። በሁለት ረድፎች ላይ የተጻፈው ነገር የአንድ ልጅ ታሪክ መሆኑን አላስተዋልኩም። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ ቀረ። አባቱ መጥተው በበሩ ላይ ቆሙና ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ወባ ነው መምህር፤ ወባ ጣለው» አሉኝ። ቆላ ነውና ማን ይጠራጠራል? በመዝገቡ ላይ «ወባ» ብዬ ጻፍኩ።

ልጁ ግን የሰነበተው በጠበል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ እኔ ሳልሰማ ተማሪዎቹ ሰምተው ነበር፤ ስምም አውጥተውለት ጠበቁት፤ «ጠበልተኛው» አሉት። በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት ቦታ እርሱ ብቻውን ይቀመጥ ጀመር። በዚያው ወር የማስተምረው ስለ ካሣ ነበር።

«እብድ ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክፍል ያቀረብኩት ያኔ ነው። ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከመካከል አንዷ ተማሪ ብድግ አለችና «ቢሆንማ ኖሮ፣ መምህር፣ ለእኅቶቹ ማን ባል ይሆናቸው ነበር?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

ከብዙ ዐውደ ጥናት ይልቅ ይህ መልስ ያስተምራል። ስለ አእምሮ ሕመም በየጊዜው የሚወጡ መልእክቶች ሰው የታመመን የሚያገልለው ባለማወቁ እንደሆነ አድርገው ያቀርባሉ፤ «ግንዛቤ ከተፈጠረ» መገለሉ ይቀራል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የልጁ አባት አላዋቂ አልነበሩም። ዘር ተቆጥሮ፣ ሰባት ቤት ተጠይቆ ጋብቻ በሚፈጸምበት አገር «በቤቱ ሕመም አለ» የሚል ወሬ የልጁን ብቻ ሳይሆን የእኅቶቹንና የወንድሞቹን ዕጣ እንደሚወስን አሳምረው ያውቃሉ። ወባ የማንንም ጋብቻ አያፈርስም። ስለዚህ ወባ አሉ። መደበቃቸው አባታዊ ስሌት ነው። ይህን ስሌት «ኋላ ቀር አመለካከት» ብሎ መስደብ አባትየውን ዳግመኛ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳይመጡ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም።

በ2001 እ.ኤ.አ. በዶክተር ተሾመ ሽብሬና በባልደረቦቻቸው የታተመው፣ በቡታጅራ አካባቢ በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ሰዎችን 178 ዘመዶች የጠየቀው ጥናት ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። ከተጠየቁት 75 በመቶው በቤተሰባቸው ውስጥ ሕመም በመኖሩ ምክንያት የመገለል ስሜት ወይም ድርጊት ደርሶብናል ብለዋል፤ 37 በመቶው ዘመዳቸው መታመሙን ለመደበቅ ይፈልጉ ነበር። 65 በመቶው ደግሞ ለሕመሙ የሚመርጡት መፍትሔ ጸሎት መሆኑን ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ስለ ከባድና ግልጽ ሕመም ነው፤ ጥናቱ የተካሄደውም በጎልማሶች ዘንድ ነው። ነገር ግን የጩኸተኛው ሕመም ኀፍረት በዝምተኛው ላይም ጥላውን ይጥላል። አንድ እናት ልጇ ፈዝዞ ስታየው የምትፈራው ድባቴን አይደለም፤ ድባቴ የሚባል ነገር አታውቅምና። የምትፈራው ነገ ጨርቁን እንዳይጥል ነው።

ስለ ጠበል አንድ ቃል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ጠበልን የሕክምና ጠላት አድርገው ይናገራሉ። ለዚህ ጸሐፊ እንዲህ አይመስለውም። በጠበል ቦታ ልጁ ብቻውን አይተውም፤ ዘመድ አብሮት ይከርማል፤ በሽታው «ከውጭ የመጣ» ስለሚባልም ልጁ ራሱ አይወቀስም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያሳስበው ልጁ በዚያ ሲከርም ትምህርቱ መቋረጡ፣ አንዳንድ ጊዜም በእግረ ሙቅ መታሰሩ፣ ከሁሉም በላይ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ከሆነ ይህን የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ውስጥ ይዘራል የሚለው ፍርሃት መሠረት እንደሌለው በጥናት ታውቋል። ጠበል የሚጠመቅ ልጅ ሐኪምም ሊያየው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። በቅርብ ጊዜ በመገናኛ ብዙኃን «ድባቴ» የሚለው ቃል ተለምዷል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የተጠቀምንበት ከ«ድብርት» ስለሚሻል ነው። «ድብርት» በከተማ ልጆች አፍ «ደበረኝ» ሆኖ አውቶቡስ ለዘገየበትም ትምህርት ለሰለቸውም ሰው የሚነገር ቃል ስለሆነ ሕመምን ለመሸከም ትከሻው ጠብቧል። ሆኖም በአዲ አርቃይ ገበያ ላይ ቆሞ «ድባቴ» የሚል ሰው የሚረዳው አያገኝም። የገበሬው ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በሌላ ቋንቋ ነው። ሆዴን ባሰኝ፣ ልቤን ጨነቀኝ፣ ሐሳብ ገባኝ፣ ዓለም ጨለመብኝ ይላል። ወይም ምንም አይልም፤ ሆዱን ያመዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የጨጓራ ወይም የትላትል መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። በአማርኛ ሐዘን የሚኖረው በሆድና በልብ እንጂ በአእምሮ አይደለምና ልጁ አልዋሸም።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የተሠራውን እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያት የሆኑ የሰፈር ጤና ሠራተኞችን አሠልጥነው በየጤና ጣቢያው ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። የመጣውን ሰው የሚጠይቁት ስለ ድባቴ ሳይሆን በራሱ በሾና ቋንቋ «ሐሳብ መብዛት» ስለሚባለው ነገር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ፍተሻ 573 ሰዎች ተካፍለው፣ ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው መንገድ ከተረዱት ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት ሲኖርባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን የነበረባቸው 14 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። የተጠኑት ጎልማሶች ስለሆኑ ለትምህርት ቤት እንዳለ አይገለበጥም። ሆኖም «ሐሳብ ገባው» የምንል ሕዝብ ከዚህ የምንወስደው አናጣም።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና ከአማኑኤል ሆስፒታል ግድግዳ ወጥቶ በየጤና ጣቢያው እንዲገኝ ማቀዱ ይታወሳል። ትክክለኛ ዕቅድ ነው። ግን ጤና ጣቢያው የሚያክመው ወደ በሩ የመጣለትን ነው። ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህሩ ነው፤ መምህሩ ደግሞ የሚያየውን እንዲጽፍ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የጠባይ ረድፍ። ያም ረድፍ ዝም ያለውን ሁሉ ይሸልማል። አንድ ልጅ በተከታታይ ነጥቡ ወርዶ ጠባዩ «እጅግ በጣም ጥሩ» ሆኖ ሲገኝ ካርዱን የሚፈርመው ርእሰ መምህር ቆም ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ መመሪያ ቢኖር የሚጠይቀው ወጪ የለም።

«መምህር ሐኪም አይደለም፤ የመማሪያ መጽሐፍ እንኳ ባልተሟላበት ክፍል ይህን ጨምሮ ሊሸከም አይችልም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነትነት አለው። በየትምህርት ቤቱ መጠይቅ አሰራጭቶ «የታመሙትን» መልቀም የሚል ሐሳብም ሰምተናል፤ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የሚያክመው ሳይዘጋጅ የተለቀመ ልጅ ቅጽል ከመሸከም ሌላ የሚያተርፈው የለም። ልጅን ከሰልፍ ላይ ጠርቶ «ጤና ጣቢያ ሂድ» ማለትም ያው ነው። ከመምህሩ የሚጠበቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ልጁን ብቻውን በሚያገኝበት ቦታ፣ በራሱ ቋንቋ «ሐሳብ ገባህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳይቸኩሉና ሳይመክሩ መስማት። ልጁ ሞትን ተመኘሁ ካለ ደግሞ እስከ ነገ አለማሳደር፤ ልጁን ብቻውን ሳይተዉ፣ የሚያምነውን አንድ ዘመድ ጠርቶ አብሮ ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ።

መፍትሔ ያላገኘንለት አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም መዝገቡ ነው። የዚያ ልጅ አባት «ወባ» ባይሉና እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ምን ብዬ እጽፍ ነበር? እውነቱን ብጽፍ መዝገቡን ጸሐፊው ያየዋል፣ ከጸሐፊው ለቢሮው፣ ከቢሮው ለገበያው ይደርሳል። «ወባ» ብዬ ብጽፍ በሚቀጥለው ዓመት ልጁን የሚረከበው መምህር እኔ የሠራሁትን ስሕተት ይደግማል። በካርዱ ላይ የማይወጣና በክፍል ኃላፊዎች መካከል ብቻ በቃል የሚተላለፍ ርክክብ ይሻል ይሆን ብለን አስበናል፤ መምህራን በየዓመቱ በሚዘዋወሩበት ወረዳ ግን ይህ ምን ያህል እንደሚሠራ እርግጠኞች አይደለንም። በሌሎች ወረዳዎች የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን በዚህ ረገድ የሞከሩት ነገር ካለ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም በዚሁ መጽሔት ቢጽፉልን የመዝገቡን ጉዳይ ከእነርሱ ልምድ ተነሥተን እንመለስበታለን።